ሥዕሉ ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ? ከፊት ገጹ እስከ ጀርባው የመመርመሪያ መንገድ

ሥዕል የሚገዛ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ፊርማው ላይ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ፊርማ መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው። ሥዕሉ ላይ ካለው ነገር ሁሉ ለማስመሰል የሚቀለው እሱ ነዋ! አንድ ስም ነው፤ ትንሽ ልምምድ ይበቃዋል። የቀለሙን ንብርብር፣ የብሩሹን አካሄድ፣ የሸራውን ጀርባ አንድ ላይ አስማምቶ ማስመሰል ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። «ኦሪጅናል አይደለም» የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሕትመት አለ፤ ማሽን ያወጣው። በእጅ የተሣለ ኮፒ አለ፤ ሌላ ሰው ዋናውን ወይም ፎቶውን እያየ የሣለው። ፎርጅድ ደግሞ አለ፤ ለማታለል ታስቦ የተሠራ። ኮፒ መሣል በራሱ ነውር የለውም። ሠዓሊዎች ለዘመናት የተማሩት የመምህራንን ሥራ እየገለበጡ ነው። ችግር የሚመጣው ኮፒው በዋናው ስም ሲሸጥ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዎቹ በቅደም ተከተል ይመጣሉ። ይህን የሠራው ማሽን ነው ወይስ እጅ? እጅ ከሆነ የማን እጅ ነው? መቼስ ነው የተሣለው? የመጀመሪያውን ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በደቂቃዎች ውስጥ ሊመልሰው ይችላል። ሁለቱ ቀሪዎች ባለሙያዎችንም ዓመታት ያከራክራሉ።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው። 10 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነጽር፣ ጌጥ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት። የእጅ ባትሪ። ማስመሪያ። ከተገኘ ደግሞ የገንዘብ ኖት የሚመረመርበት ዓይነት የአልትራቫዮሌት ባትሪ። ማጉያ ከሌላችሁ የስልካችሁ ካሜራም ጠጋ ብሎ ካነሳ በኋላ ሲጎላ ብዙ ያሳያል።

ደረጃ 1፦ መብራቱን በጎን አብሩበት

ክፍሉን አጨልሙ። ባትሪውን ፊት ለፊት ሳይሆን ከሥዕሉ ጎን ያዙት፤ ብርሃኑ ገጹን እየጠረገ እንዲያልፍ። ሥዕሉ የዘይት ቀለም ወይም አክሪሊክ ከሆነ ገጹ ወዲያው ይለወጣል። ወፍራም ቀለም ያለበት ቦታ ጥላ ይጥላል፤ ብሩሹ የጎተታቸው ጭረቶች አንድ በአንድ ይወጣሉ።

የምትፈልጉት ግን ከፍታና ዝቅታ መኖሩን ብቻ አይደለም። ከፍታው ከምስሉ ጋር ይሄዳል ወይ? ጉንጭ ላይ ያለው ጭረት የጉንጩን ክብነት ይከተላል? የዛፉ ቅርፊት ላይ ያለው ቀለም እንደ ቅርፊት ሻካራ ነው? በእጅ የተሣለ ሥዕል አንዱ ጋ ወፍራም፣ ሌላው ጋ ስስ ነው፤ ሸራው ጭራሽ ሊታይም ይችላል። ገጹ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሻካራነት ካለው ግን ጠርጥሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኦሊዮግራፍ የሚባል ሕትመት ነበር። ባለቀለም ሕትመቱን ቫርኒሽ ይቀቡትና የሸራ መልክ እንዲይዝ ገጹን ይጫኑታል። ያ ሸካራነት ሰማዩም ላይ፣ ፊቱም ላይ፣ ፈረሱም ላይ ያው ነው። ዛሬም እነዚህ ሕትመቶች ካረጁ ፍሬሞቻቸው ጋር እንደ ጥንት ሥዕል ይቀርባሉ።

ደረጃ 2፦ ማጉያውን ፈዛዛው ቦታ ላይ አድርጉ

ማጉያ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ቀጥታ ወደ ፊትና ወደ ደማቅ ቀለም ይሄዳል። አትሂዱ። ሰማይ፣ የቆዳ ቀለም፣ ነጭ ግድግዳ፣ ፈካ ያለ ጨርቅ ፈልጉ። ጨለማው ቦታ ላይ የሕትመት ነጥቦች ተጨናንቀው አንድ ይሆናሉ፤ ፈዛዛው ቦታ ላይ ግን ይበተናሉ።

የመጽሔትና የፖስተር ሕትመት ከሆነ ነጥቦቹ በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው። ቀለማቸው አራት ብቻ ነው፦ ሳያን የሚባለው ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚባለው ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። አንድ ላይ ሲደራረቡ ጥቃቅን አበባ የሚመስል ቅርጽ ይሠራሉ። ይህን ካያችሁ ምርመራው አለቀ፤ ሕትመት ነው።

ጂክሌ የሚባለው የዘመኑ ሕትመት ትንሽ ያስቸግራል። ይህ ጥሩ ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር የሚያወጣው ነው፤ ሸራ ላይም ይታተማል። ነጥቦቹ ሥርዓት የላቸውም፤ ደቃቅ አሸዋ የተነሰነሰ ይመስላሉ። በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ ቸኩሎ የሚያይ ሰው ያመልጡታል። እዚህ ላይ የሚረዳ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ነጭ ቀለም ነው። አብዛኞቹ ፕሪንተሮች ነጭ ቀለም የላቸውም። ነጭ መሆን ያለበትን ቦታ ዝም ብለው ያልፉታል፤ የምናየው ነጭ የሸራው ወይም የወረቀቱ ነጭነት ነው። በዘይት ቀለም ሥዕል ላይ ግን ብዙ ጊዜ በጣም ወፍራሙ ቀለም ነጩ ነው። እናም የሰው ምስል ካለ ዓይኑ ውስጥ ያለችውን የብርሃን ነጥብ በማጉያ እዩ። ሠዓሊ ያስቀመጣት ከሆነች ከሌላው ቀለም በላይ ጉብ ብላ ትታያለች፤ ብሩሹ ሲነሳ የተወው ትንሽ ጫፍም ሊኖራት ይችላል። ሕትመት ከሆነ እዚያች ቦታ ላይ ምንም የለም፤ ባዶ ሸራ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። ነጥብ ካለ ሕትመት ነው፤ ነጥብ የለም ማለት ግን ሥዕል ነው ማለት አይደለም። ኮሎታይፕ የሚባለው የቆየ የሕትመት ዘዴ የተደረደረ ነጥብ የለውም። ምስሉ የተፈጠረበት ጄላቲን ሲሰነጣጠቅ የተዋቸው የተጠማዘዙ ጥቃቅን መስመሮች ናቸው የሚታዩት።

ደረጃ 3፦ ጄል የተቀባውን ሕትመት ለዩ

በዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ሸራ ላይ የታተመ ምስል ይወስዱና ላዩ ላይ ቀለም የሌለው አክሪሊክ ጄል በብሩሽ ይቀቡበታል። በጎን ብርሃን ሲታይ ጭረት አለው። በእጅ ሲነካ ሻካራ ነው። ሻጩም «ይኸው ብሩሹ ይታያል!» ይላል። እውነቱን ነው፤ ብሩሹ ይታያል።

አንድ ጭረት ብቻ ምረጡና ከመነሻው እስከ መጨረሻው በማጉያ ተከተሉት። የዛፍ ቅርንጫፍ ሰማዩን የሚነካበትን ቦታ እንውሰድ። በእውነተኛ ሥዕል ላይ ሁለት ያልደረቁ ቀለሞች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። የቅርንጫፉ ቡናማ ወደ ሰማያዊው ትንሽ ገብቶ ይቆሽሻል፤ ጭረቱ ውስጥ ሁለቱም ቀለሞች እንደ ክር ጎን ለጎን ይታያሉ። ሰማዩ ቀድሞ ደርቆ ከነበረ ደግሞ ቡናማው ላዩ ላይ ተቀምጦ የራሱ ጠርዝ ይኖረዋል። ጄል በተቀባ ሕትመት ላይ ከሁለቱ አንዱም የለም። ጭረቱ ከቅርንጫፉ ተነስቶ ሰማዩን አቋርጦ ያልፋል፤ ከሥሩ ያለው ቀለም ግን ምንም አይሰማውም። ጭረቱና ቀለሙ የማይተዋወቁ ናቸው።

ዳርና ዳሩንም እዩ። ሸራው እንጨቱ ላይ በታጠፈበት ጎን ላይ ሠዓሊ ሲሠራ ቀለም ያንጠባጥባል፣ የጣት አሻራ ይተዋል፣ አንዱ ጋ ይደርሳል አንዱ ጋ ይቀራል። ሕትመት ግን ጎኑ ላይ ወይ በማስመሪያ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ብሎ ያልቃል፣ ወይ ደግሞ የምስሉ ዳር በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ይቀጥላል። ይህን የሚያደርገው ኮምፒውተር ነው።

ደረጃ 4፦ ወረቀት ላይ የተሠራ ከሆነ

የውሃ ቀለም ወፍራም ስላልሆነ የጎን ብርሃን ብዙም አይጠቅምም። ይልቅ ቀለሙ ያለቀበትን ጠርዝ እዩ። እርጥብ ቀለም ሲደርቅ ወደ ዳር ይሰበሰብና ጠቆር ያለ መስመር ይተዋል። ወረቀቱ ሸካራ ከሆነ ደግሞ የቀለሙ ዱቄት ጉድጓድ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። ውሃ የጠጣ ወረቀት ብዙ ጊዜ ትንሽ ይጣመማል፤ ያ ጥሩ ምልክት ነው። የእርሳስ ንድፍ ካለም ብርሃኑን በጎን ስታደርጉበት እውነተኛ እርሳስ ያብለጨልጫል፤ የታተመ እርሳስ ግን ድብዝዝ ያለ ነው፤ በማጉያም ነጥብ በነጥብ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ሕትመት ሁሉ ኮፒ አይደለም። ሠዓሊው ራሱ እንጨት ቀርጾ፣ መዳብ ላይ ጭሮ ወይም ድንጋይ ላይ ሥሎ ያተመው ሥራ ኦሪጅናል ነው። ታላላቆቹ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ሬምብራንትና ዱረር በዚህ ሥራቸውም ነው ስማቸው የገነነው። በመዳብ የታተመ ከሆነ ሳህኑ ሲጫን ወረቀቱ ላይ የተወው ጎድጎድ ያለ አራት ማዕዘን በምስሉ ዙሪያ ይታያል፤ በጣት ጫፍ ይዳሰሳል። ታችኛው ጠርዝ ላይ በእርሳስ 12/75 ዓይነት ቁጥር ካያችሁ ከ75ቱ ሕትመቶች 12ኛው ማለት ነው። ግን ቁጥሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ዛሬ ፕሪንተር ያወጣውም ቁጥርና ፊርማ ይሰጠዋል። ስፔናዊው ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊማ ገና ምንም ያልታተመባቸው ባዶ ወረቀቶች ላይ በብዛት ይፈርም ነበር። የእሱ ሕትመቶች ገበያ እስከ ዛሬ የተዘበራረቀው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 5፦ ገልብጡትና ጀርባውን አንብቡ

ፊቱን ለማሳመር የደከመ አጭበርባሪ ጀርባው ላይ ይሰንፋል። ሸራው አሮጌ ነው ከተባለ ጨርቁ ሊጠቁር ይገባዋል፤ ግን ሁሉም ቦታ እኩል አይጠቁርም። ውጥር እንጨቱ የሸፈነው ክፍል አየርና አቧራ ስላላገኘው ፈካ ይላል። ከዳር ዳር አንድ ዓይነት ቡናማ ከሆነ ሻይ ወይም ቀለም የጠጣ ጨርቅ ሊሆን ይችላል። ሸራው የተያዘው በትናንሽ ሚስማሮች ከሆነና ሚስማሮቹ ዝገው ጨርቁን ከበሉት የቆየ ነው። ስቴፕል ሥዕል ላይ የተለመደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ስቴፕል አለ ብላችሁ ግን ወዲያው አትፍረዱ፤ የጥንት ሥዕልም ታድሶ እንደገና ሊወጠር ይችላል። እንዲያ ከሆነ የድሮዎቹ የሚስማር ቀዳዳዎች መገኘት አለባቸው።

የተለጠፉ ወረቀቶችን ሳታነቡ አትለፉ፤ ሳትጠረጥሩም አትመኑ። ጀርመናዊው ፎርጅድ ሠሪ ቮልፍጋንግ ቤልትራኪ ሥዕሎቹን ከታዋቂው ነጋዴ ከአልፍሬድ ፍሌሽትሃይም ስብስብ የመጡ ለማስመሰል ጀርባቸው ላይ የሐሰት መለያ ይለጥፍ ነበር። ኋላ ጥርጣሬ ካስነሱት ነገሮች አንዱ ይኸው መለያ ነው።

የአልትራቫዮሌት ባትሪ ካላችሁ አሁን ተጠቀሙበት። ከ1950 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወረቀትና ጨርቅን ለማንጣት በሚጨመር ኬሚካል ምክንያት ዘመናዊ ወረቀት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። በ1890 ተሣለ የተባለ የውሃ ቀለም እንዲህ ካበራ ወሬው ውሸት ነው። የጥንት ቫርኒሽ ደግሞ አረንጓዴ ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ይሰጣል። በኋላ የተነካካ ቦታ በዚያ ጭጋግ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ደረጃ 6፦ እጁን መርምሩ

እስከ አሁን ያለው ማሽንን ከእጅ ለመለየት ነው። በእጅ የተሣለ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ዋናው ፈተና ይመጣል። ቻይና ሼንዘን ውስጥ ዳፈን የሚባል ሰፈር አለ፤ ታዋቂ ሥዕሎችን በእጅ እየገለበጡ ለዓለም የሚልኩ ሠዓሊዎች የተሰበሰቡበት። የእነሱ ሥራ እውነተኛ ዘይት ቀለም፣ እውነተኛ ሸራ፣ እውነተኛ ብሩሽ ነው። በማጉያ ምንም ነጥብ አታገኙበትም።

እኔ የምይዘው አንድ መመሪያ ነው፦ ገልባጭ ሐሳቡን አይቀይርም። ለምን ይቀይራል? መልሱ ፊቱ ተቀምጧል። ኦሪጅናል የሚሠራ ሰው ግን ይወላውላል። እጁን ወደ ግራ ሥሎት ይመለስና ወደ ቀኝ ያመጣዋል። ትከሻውን ዝቅ ያደርጋል። አንድ ሰው ጨምሮ መልሶ ይሸፍነዋል። ዘይት ቀለም ሲያረጅ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምርና የተሸፈነው ቅርጽ እንደ ጥላ ብቅ ይላል። በጎን ብርሃን ደግሞ ከምስሉ ጋር የማይገናኝ የቀለም ጠርዝ ከሥር ይታያል። እንዲህ ዓይነት ለውጥ ስታገኙ ልብ በሉ።

ለንደን ያለው ብሔራዊ ጋለሪ በ2004 እ.ኤ.አ. የገዛው የጣሊያናዊው ሠዓሊ የራፋኤል «የካርኔሽን አበባ ማርያም» (ማዶና ኦፍ ዘ ፒንክስ) የዳነው በዚህ ነው። ለረጅም ጊዜ ኮፒ ነው ተብሎ በእንግሊዝ አኒክ ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ነበር። በ1991 ኒኮላስ ፔኒ የተባለው የሥነ ጥበብ ምሁር አይቶ ጠረጠረ። በኢንፍራሬድ ሲመረመር ከቀለሙ ሥር ያለው ንድፍ የተለወጠና የተሻሻለ ሆኖ ተገኘ።

የማድሪዱ ፕራዶ ሙዚየም ሞና ሊዛ ደግሞ ነገሩን ትንሽ ያወሳስበዋል። ጥቁር ጀርባ ያላት ተራ ኮፒ ተብላ ነበር የምትታወቀው። በ2012 ሙዚየሙ ሲያሳውቅ ጥቁሩ ቀለም በኋላ የተጨመረ እንደነበርና ከሥሩ የመሬት ገጽታ እንዳለ ታየ። ይበልጥ የሚገርመው ግን የሥር ንድፉ ነው። ሊዮናርዶ በዋናው ላይ ያደረጋቸው ማስተካከያዎች እዚህችም ላይ ተደርገዋል። ስለዚህ የሣላት ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ጎን ሆኖ እኩል እየሠራ ነበር። ኮፒ ናት፤ ግን ሐሳብ የተቀየረባት ኮፒ። መመሪያዬ በዚህች ላይ እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ ለብዙዎቹ ግን ይሠራል።

ሌላው ምልክት ፍጥነት ነው። በራሱ ሐሳብ የሚሥል ሰው መስመሩ ይሮጣል፤ አንዳንዴም ያልፈዋል። የሚገለብጥ ሰው እያየ፣ እየቆመ፣ እየፈራ ነው የሚሄደው። ፀጉር፣ ዳንቴል፣ የዛፍ ቅጠል ላይ ይህ ይታወቃል። በማጉያ ሲታይ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ውፍረቱም መሀል ላይ ያለ ምክንያት ይለዋወጣል። ምን እንደሆነ ያልገባውን ነገር የገለበጠበት ቦታም ይኖራል፦ የትም የማይደርስ የጨርቅ እጥፋት፣ ጣት መሆኑን ሳያውቅ የሣለው ጣት።

ደረጃ 7፦ ቀለሙና ስንጥቁ ከዕድሜው ጋር ይስማማሉ?

እያንዳንዱ ቀለም የተወለደበት ጊዜ አለው። ፕረሺያን ብሉ የተባለው ሰማያዊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ነው የተገኘው። አክሪሊክ ቀለም የ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነገር ነው። ቅድም የጠቀስኩት ቤልትራኪ የወደቀው በዚህ ነው። በ1914 የተሣለ የጀርመናዊው ሠዓሊ የሃይንሪሽ ካምፔንዶንክ ሥራ ነው የተባለ ሥዕል በ2006 ከ2 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሽጦ ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ ሲታይ ቲታኒየም ነጭ ተገኘበት፤ ይህ ቀለም በ1914 ገና ለሠዓሊዎች ገበያ አልወጣም። በ2011 ስድስት ዓመት ተፈረደበት።

ስንጥቅን በተመለከተ የዕድሜ ስንጥቅ ከላይ የተጻፈ መስመር አይደለም፤ ቀለሙንና ከሥሩ ያለውን መደብ ሰንጥቆ ይወርዳል፣ ጠርዙም ትንሽ ይነሳል። የታተመ ስንጥቅ በጎን ብርሃን ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። በእጅ የተሰነጠቀው ግን ከባድ ነው። ሆላንዳዊው ሃን ቫን ሜኸረን እውነተኛ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሸራ ወስዶ፣ ቀለሙን ባክላይት ከሚባል ፕላስቲክ ጋር አዋህዶ፣ በምድጃ አድርቆ፣ ሸራውን ጠቅልሎ ይሰነጥቀው ነበር። በ1937 የሮተርዳሙ ቦይማንስ ሙዚየም እንዲህ ከሠራቸው ሥዕሎች አንዱን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ የቨርሜር ነው ብሎ ገዛው። ሰውየው ከጦርነቱ በኋላ ራሱ እስኪናገር ድረስ ሊቃውንቱ ያደንቁት ነበር።

ቀለሙ ደርቋል አልደረቀም ብላችሁ በአልኮል የተነከረ ጥጥ እንዳታሹት። በመርፌም አትውጉት። ኦሪጅናል ከሆነ ያበላሻችሁት እናንተ ትሆናላችሁ።

ደረጃ 8፦ አሁን ፊርማውን

ማጉያውን ፊርማው ላይ አድርጉና ስንጥቅ የሚያቋርጠው ቦታ ፈልጉ። ፊርማው ከሥዕሉ ጋር የኖረ ከሆነ አብሮት ተሰንጥቋል። ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ፈስሶ ከገባ ግን ስንጥቁ ቀድሞ ነበር፤ ፊርማው በኋላ መጣ። ከቫርኒሹ በላይ ከተቀመጠም እንደዚያው። ሆሄያቱንም አንብቡ፤ ይህ ቀልድ አይደለም። በኒውዮርኩ ኖድለር ጋለሪ ቅሌት ውስጥ የአሜሪካዊው ሠዓሊ የጃክሰን ፖሎክ ነው የተባለ አንድ ሥዕል ላይ ከስሙ «ሲ» (C) የምትባለው የላቲን ፊደል ጎድላ ነበር።

ደረጃ 9፦ ወረቀቱን

ሰርተፊኬት ዋጋው በሰጪው ነው። ሻጩ ራሱ አትሞ የሰጠው ሰርተፊኬት ምንም አይደለም። የሚጠቅመው ሥዕሉ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳይ፣ በሌላ ቦታ ሊመሳከር የሚችል መረጃ ነው። እሱም ይሰረዛል ይደለዛል። በእንግሊዝ ጆን ድሩ የተባለ ሰው ጆን ማያት የሚሥልለትን ፎርጅድ ለመሸጥ የሙዚየም መዛግብት ውስጥ የሐሰት ሰነድ አስገብቷል። የቤልትራኪ ሚስት ደግሞ እንደ አያቷ ለብሳ፣ ከጀርባዋ ሐሰተኞቹን ሥዕሎች ሰቅላ፣ የድሮ የሚመስል ፎቶ ተነስታለች።

የጨረታ ካታሎግ ስታነቡ ቃላቱ ላይ ቆም በሉ። የሠዓሊው ስም ብቻውን ከተጻፈ የእሱ ነው ብለው ያምናሉ። «የእገሌ ሳይሆን አይቀርም»፣ «ከእገሌ ስቱዲዮ»፣ «የእገሌ ተከታይ»፣ «በእገሌ ስልት» እያለ ሲሄድ ከሠዓሊው እየራቀ ነው። «ከእገሌ ሥራ የተቀዳ» ካለ ኮፒ ነው፤ አልደበቃችሁም። «ፈርሞበታል» እና «ፊርማ ይታይበታል» የሚሉትም አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው የማን ፊርማ እንደሆነ ኃላፊነት አልወስድም ማለት ነው።

ባለሙያ ጋ ስትሄዱ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሥዕሉ አሁንም ተስፋ ካለው ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ሥዕሉን ልግዛው የሚል ሰው ዋጋውን አይገምትላችሁ። ላቦራቶሪም ብዙውን ጊዜ «ይህ የእገሌ ሊሆን አይችልም» ማለት ይችላል እንጂ «የእገሌ ነው» ብሎ አይምልላችሁም። አስቀድማችሁ ከሥዕሉ ላይ ናሙና ይቆረጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከየት ቦታ እንደሚቆረጥም በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ሩቅ ላለ ባለሙያ ፎቶ የምትልኩ ከሆነ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከመስታወቱ አውጥታችሁ አንሱት፦ ሙሉ ፊቱን፣ ሙሉ ጀርባውን፣ አራቱንም ጎኖች፣ ፊርማውን ከአጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁ፣ እና አንድ በጎን ብርሃን የተነሳ። ልኩን የፍሬሙን ሳይሆን የሸራውን ጻፉ።